ስንተኛሽ ነው?

ዊንጌት ታክሲ ተራው አጠገብ ባለች ጠባብ ቤት ውስጥ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ፎቶ ኮፒም እናደርጋለን፣ መታወቂያም ላሚኔት እናደርጋለን፤ የኔ ዋና ሥራ ግን ማመልከቻ ነው። ባለጉዳይ ፊቴ ካለችው በርጩማ ላይ ይቀመጥና ችግሩን ይዘረግፋል፣ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ «ጉዳዩ» ብዬ እጀምርለታለሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው ሲዘረግፍ ሰምቼ የተረዳሁት ነገር ቢኖር ዋናውን ጉዳይ መጨረሻ ላይ እንደሚያመጣው ነው። ስለዚህ ከማተሜ በፊት ሁልጊዜ፣ «የረሱት ነገር አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ያኔ፣ «እ... ማለቴ፣ ቤቱ እኮ በወንድሜ ስም ነው» ይሉኛል። እበግናለሁ። ገጹን በሙሉ እንደገና ልጽፍ ነዋ!

አሁን ግን ማንም ላይ የመበገን መብት የለኝም። እኔ ራሴ ነርስ ፊት ተቀምጬ ዋናውን ነገር ውጬ የመጣሁ ሰው ነኝ።

ከባለቤቴ ጋር የምንኖረው ቀጨኔ፣ እናቱ ግቢ ውስጥ ባሉት ሁለት ክፍሎች ነው። እሱ ጎሚስታ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲለጥፍ ይውላል። አማቴ ባላቸውን ከቀበሩ ቆይተዋል። የዕድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ የሚቀመጠው እሳቸው ጋ ስለሆነ በሰፈሩ ማን ሞተ፣ ማን ወለደ የሚለው ወሬ መጀመሪያ የሚደርሰው እሳቸው ዘንድ ነው። ደግ ሰው ናቸው። ግን ሁሉን ያውቃሉ፤ ሁሉን ከሚያውቅ ሰው ጋር አንድ ግቢ መኖር ቀላል አይደለም።

መጀመሪያ ያረገዝኩት በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ነው። ለባለቤቴ ብቻ ነገርኩት፤ ሦስት ወር ሳይሞላው ለማንም ትንፍሽ እንዳይል ቃል አስገባሁት።

ከኛ ግቢ ሦስት በር ከፍ ብሎ አንዲት ሴት ትኖራለች። ሦስት ጊዜ ወርዶባታል ይባላል። «ሾተላይ አለባት» ይሏታል። በኛ ሰፈር ሾተላይ ማለት ልጅ የማያስቆይ ክፉ ነገር ነው፤ መንፈስ ነው የሚል አለ፣ ከሴት ወደ ሴት ይተላለፋል የሚልም አለ። እርጉዝ ሴት በእሷ በር አታልፍም፣ እሷ የሰጠቻትን ዳቦ አትቀምስም። እኔ የተማርኩ ነኝ፣ በቀን ስንት ጊዜ «ከማክበር ሰላምታ ጋር» እያልኩ የምጽፍ ሴት ነኝ። ቢሆንም ባረገዝኩ ጊዜ በእሷ በር የሚያልፈውን አቋራጭ ትቼ በመድኃኔ ዓለም በኩል ዞሬ ሥራ እሄድ ጀመር። አንድ ቀን መንገድ ላይ አገኘችኝና፣ «ምነው ጠፋሽ?» አለችኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኳት።

ሐምሌ ውስጥ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ላይ ጀመረኝ። ዘጠነኛው ሳምንት ላይ ነበርኩ። መጀመሪያ ወገቤን ያዘኝ፣ ከዚያ ደም መጣ። ባለቤቴ ጤና ጣቢያ እንሂድ ብሎ ጫማውን አጠለቀ። አልሄድም አልኩ። ጤና ጣቢያችን ቁልቁለቱን ወርዶ ነው፤ ካርድ ክፍል የምትሠራው ሴትዮ የአማቴ የዕድር ጓደኛ ናት። እኔ ተመርምሬ ሳልወጣ ወሬው ዳገቱን ወጥቶ ቤት ይገባል። ከዚያ በኋላ እርጉዞች ዞረው የሚሄዱት የኔን በር ሽሽት ይሆናል።

«ሌላ ቦታ እንሂድ። ራይድ ልጥራ» አለኝ።

«ካለቀ በኋላ ምን ያደርጉልኛል?» አልኩት።

ይቺን ነገር መናገሬን መቼም አልረሳትም።

ሳይመሽ አለቀ። ለአማቴ ጨጓራዬ ነው አልኳቸው፤ ተልባ በጥብጠው አመጡልኝና አጠገቤ ቁጭ ብለው አጠጡኝ። በማግስቱ እሑድ፣ እሳቸው ቅዳሴ ሲሄዱ ተነስቼ አንሶላውን አጠብኩት። በኛ ግቢ እሑድ ልብስ አይታጠብም። ውጭ እንዳላሰጣው ክረምት ነው፣ የሰው ዓይንም አለ። ከአልጋው ራስጌ እስከ ቁም ሳጥኑ ገመድ ወጥሬ ቤት ውስጥ ሰቀልኩት። ሦስት ቀን ሙሉ አልደረቀም። ክፍሏ ሻገተች፤ ጠዋት ጠዋት በሥሩ ጎንበስ ብዬ እያለፍኩ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ልጅ እንደገና መሞከር የጀመርነው መስከረም ከጠባ በኋላ ነው። ሰው ልጅ ሲፈልግ ተስፋ ያደርጋል ይባላል፤ እኔ ግን ፈራሁ እንጂ ተስፋ ማድረጌን አላስታውስም። ደሜ በየወሩ ሲመጣ በቃ ማኅፀኔ ተዘግቶ ቀረ ብዬ እፈራለሁ። አንድ ቀን ሲዘገይ ደግሞ ያ ቅዳሜ ተመልሶ ሊመጣ ነው ብዬ እፈራለሁ። ባለቤቴ ሲነካኝ ሰውነቴ ድርቅ ይላል። ልጁን እፈልገዋለሁ፣ የሚመጣበትን መንገድ ግን ጠላሁት። ይህን አልነገርኩትም፤ «ደክሞኛል» ነው የምለው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ቀን ቆጥሬ ራሴው፣ «ዛሬ ነው» እለዋለሁ። «የቢሮ ቀጠሮ አደረግሽው እኮ» ብሎ ይስቃል። እኔ አልስቅም።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ አሥራ አንድ ወር አለፈ። ሰኔ ላይ ደሜ ቀረ፤ ዓሥር ቀን ጠብቄ በፋርማሲ መመርመሪያ አየሁት፣ ሁለት መስመር። ደስ ከማለቱ በፊት እግሬ ነው የቀዘቀዘው።

የቀጨኔ ቁልቁለት በክረምት ለጤነኛም አይመችም። ግድግዳ ለግድግዳ እየዳሰስኩ፣ እንደ ሽማግሌ አንድ እግሬን አስቀድሜ ሌላውን እያስከተልኩ መውረድ ጀመርኩ። የምንሠራባት ቤት መጸዳጃ ስለሌላት ከጎን ካለው ምግብ ቤት ቁልፍ እየለመንኩ ነው የምገባው። ደም መጥቶ እንደሆነ ለማየት በቀን ስምንት፣ ዘጠኝ ጊዜ እሄዳለሁ። ገንዘብ ተቀባይዋ ቁልፉን ስትሰጠኝ አንድ ቀን፣ «የኔ እህት፣ ስኳርሽን ተለኪ» አለችኝ። አመሰግናለሁ ብዬ ገብቼ ነጭ ሶፍት አየሁ። ነጭ ነበር። ተመልሼ ሥራዬ ላይ ተቀመጥኩ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እንደገና ሄድኩ።

የፍልሰታ ጾም ገብቶ የአማቴ ሽሮ ሲንተከተክ አፍንጫዬን ይዤ መውጣቴን እሳቸው ያያሉ። አንድ ጠዋት እንደ ዋዛ፣ «ስንት ወር ሆነሽ?» አሉኝ። ሦስት ወሩ ሊሞላ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። መካድ አቃተኝ።

«ነገ ክትትል እንጀምራለን» አሉ።

እንጀምራለን! እኔና እሳቸው!

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ገና ከበሩ ስንገባ ያቺ የካርድ ክፍል ሴትዮ አየችንና፣ «አያት ልትሆኚ ነው! እሰይ!» ብላ ወረፋውን ሁሉ አዞረችብን። የእናቶች ክትትል ክፍሉ ፊት ለፊቷ ነው፤ በሩ አይገጥምም። ነርሷ መነጽር ያደረገች ወጣት ናት፣ ስትናገር አትቸኩልም። አማቴ ሳይጠየቁ ወንበር ስበው ከጎኔ ተቀመጡ።

«ስንተኛ እርግዝናሽ ነው?» አለችኝ ነርሷ።

በበሩ ስንጥቅ ውስጥ የካርድ ክፍሏ ሴትዮ ቀይ ሹራብ ይታየኛል። አማቴ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«የመጀመሪያዬ» አልኩ።

«የወረደብሽ ጽንስ ነበር?»

«የለም።»

አንድ ብላ ጻፈች፤ ከሥሩ ዜሮ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ፎርም ስሞላ ኖሬያለሁ፣ እንደዚያች ዜሮ ግን ያሳፈረኝ ነገር የለም። ልጅ ነበረኝ፤ በብዕር ሲጠፋ ዓይኔ እያየ ዝም አልኩ።

ደም ሰጠሁ። ውጤቱ ሲመጣ አማቴ ከጓደኛቸው ጋር ደጅ ነበሩ። ነርሷ የደሜ ዓይነት ኦ ኔጌቲቭ መሆኑን ነገረችኝ። የባለቤቴን ጠየቀችኝ፤ ደም የለገሰበት ካርድ ስላለው ፖዘቲቭ መሆኑን አውቃለሁ።

«ልጁ የአባቱን ዓይነት ደም ከወሰደ ካንቺ ደም ጋር አይስማማም ማለት ነው» አለችኝ ቀስ ብላ። «የመጀመሪያ ላይ ብዙም አያሰጋም። የሚያስቸግረው ከዚያ በኋላ ነው። የወለደች ወይም ጽንስ የወረደባት ሴት በሦስት ቀን ውስጥ መርፌ ካልተወጋች ደሟ ሊቆጣ ይችላል። ከተቆጣ ቀጥሎ የሚመጣውን ልጅ እንደ ባዕድ ያየውና ያጠቃዋል። ሰዉ ሾተላይ የሚለው ይሄን ነው፣ መድኃኒት ያለው ነገር ነው። አንቺ የመጀመሪያሽ ስለሆነ አይዞሽ።»

አይዞሽ አለችኝ። ጆሮዬ ጮኸ። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ከደጅ የሁለቱ ሴቶች ሳቅ ተሰማኝ፣ መልሼ ዘጋሁት። የረሳሁት ነገር እንዳለ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝስ እናገር ነበር? እንጃ።

ሦስት ቀን። አንሶላው እምቢ አልደርቅም ብሎ የተሰቀለባቸው ሦስት ቀናት! መርፌው የሚሠራው ልክ በዚያን ጊዜ ነበር። እኔ በእርጥቡ ጨርቅ ሥር ጎንበስ እያልኩ ሳልፍ ጊዜው አለፈ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የገዛ ደሜን ፈራሁት። እስከዚያ ድረስ የምፈራው ከውጭ የሚመጣ ነገር ነበር፤ ድጡን፣ የታክሲውን ግፊያ፣ የሰውን ዓይን። አሁን ግን የት እሸሻለሁ? ኪቦርዱ ላይ ስጽፍ እጄ ላይ ያለውን ደም ሥር አያለሁ፣ ወደ ሆዴ እየሄደ ነው እላለሁ። ልጁ እዚያ ውስጥ ተሸሽጎ የኔ ደም ሲፈልገው ይታየኛል። በእንቅልፌም አልተወኝም። አሥራ ሁለት ቀን ለማንም አልተናገርኩም። በነዚያ ቀናት የጻፍኳቸው ማመልከቻዎች ስህተት በስህተት ነበሩ፤ አንዱን ባለጉዳይ «ሟች» ብዬ ጽፌው ሰውየው ሊደበድበኝ ነበር።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ባለቤቴ ጋ ሄድኩ። ቀዳዳውን ለማግኘት የጎማ ካላማዳሪያ ነፍቶ ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋ እየጠበቀ ነበር። ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት። እጁን ከውኃው ሳያወጣ ሰማኝ።

«ሰውን "የረሱት ነገር አለ?" እያልሽ ታስጨንቂያለሽ» አለኝ።

ሊያሾፍ ፈልጎ ነው፤ ድምፁ ግን ተንቀጠቀጠበት። ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቷል።

«ልጁ አሁን ምን እየሆነ ነው?»

«አላውቅም።»

«ያን ቀን ተሸክሜሽ መሄድ ነበረብኝ» አለ። «ጠዋት ሄደሽ ንገሪያት። እኔም እመጣለሁ።»

እንዳይመጣ ለመንኩት፤ ብቻዬን ተናግሬ ብቻዬን ብመለስ ይሻላል ብዬ ነው። በማግስቱ ጠዋት ዝናቡ ሳያባራ ከግቢ ልወጣ ስል አማቴ በረንዳው ላይ ቆመዋል።

«የት ነው?»

«ጤና ጣቢያ፣ እማዬ።»

«ቀጠሮሽ ሁለት ሳምንት ይቀረዋል» አሉ። ትንሽ አዩኝና ጃንጥላቸውን አንስተው ቀድመውኝ ወጡ።

ዝናብ ስለሆነ በአቋራጩ መሩኝ፣ በዚያች ሴት በር በኩል። ደጇ ላይ ጎንበስ ብላ የገባባትን ጎርፍ በጣሳ ትቀዳለች። አማቴ እንዴት አደርሽ አሏት፣ እኔም አልኳት። ሳላስበው እጄ ሆዴን ሸፍኖ ኖሯል። እጄን አየችው፣ ከዚያ ዓይኗን ወደ ጣሳው መለሰች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የደሜን ነገር ከነርሷ ሰምቼ እንኳ እጄ አላመነም።

ክትትል ክፍሉ እንደ ባለፈው ነው፣ በሩ አልገጠመም። አማቴ ተከትለውኝ ገቡ። ነርሷ ያለቀጠሮ መምጣቴን አይታ ደነገጠች፤ ደም አየሽ ወይ አለችኝ።

«አላየሁም» አልኩ። «የረሳሁት... አልረሳሁትም። ዋሽቼሽ ነው። ሁለተኛዬ ነው። አምና ሐምሌ ላይ ወርዶብኛል። መርፌ አልተወጋሁም። የትም አልሄድኩም።»

ነርሷ ካርዴን አወጣች። አንዷን ሰርዛ ሁለት ጻፈች፣ ዜሮዋን ሰርዛ አንድ ጻፈች። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ደስ ባለኝ። ደሜ ተቆጥቶ እንደሆነ የሚያሳየው ምርመራ እዚያ እንደማይሠራ፣ ናሙናው ወደ ትልቅ ሆስፒታል እንደሚላክና በሳምንቱ እንድመለስ ነገረችኝ። ደም ስትቀዳ ፊቴን አዞርኩ።

ስንወጣ አማቴ ደጅ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ጃንጥላቸው ይንጠባጠባል።

«እሑድ አንሶላ አጥበሽ ነበር» አሉ ወደኔ ሳይዞሩ።

ክው አልኩ።

«ከቅዳሴ ስገባ ሳሙና ሸተተኝ። በእሑድ! ምራቴ ሃይማኖቷን ለወጠች እንዴ አልኩ መጀመሪያ። በኋላ ፊትሽን አየሁት።»

«ለምን አልጠየቁኝም?»

«አንቺ ጨጓራ አልሽ፣ እኔ ተልባ አመጣሁ። ምን ላድርግ? ባለፈውም ስትዋሺ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ያንቺ ነገር ነው ብዬ ተውኩት። መርፌ እንዳለው አላወቅኩማ!» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «እኔም በጊዜዬ ቁርጠት ነው ብዬ ነበር፣ ሁለት ጊዜ። ባልሽን በኩሬ እያልኩ የምጠራው፣ ሦስተኛዬ ነው። እናቴ እንኳ ሳታውቅ ሞተች።»

ባለቤቴ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ሁለቱን ለብቻቸው ይዘው ኖረዋል። እጃቸውን ልይዝ ፈልጌ አፈርኩ፤ ጃንጥላውን ተቀብዬ ያዝኩላቸው።

ያቺ ሳምንት እንዴት እንዳለፈች እኔ ነኝ የማውቀው። ቢቆጣ ምን እንደሚደረግ ነርሷን ጠይቄያት ነበር፤ ልጁ ሆድ ውስጥ እንዳለ ደሙ ሊያልቅበት እንደሚችል፣ በየጊዜው በአልትራሳውንድ እንደሚታይ ነገረችኝ። ከዚያ በላይ ልስማ አልቻልኩም። አማቴ ሱባኤ ገቡ፤ ባለቤቴ ሥራ ውሎ ሲመጣ እጁን ሳይታጠብ ደጃፉ ላይ ቆሞ ፊቴን ያያል። ደህና ነኝ እለዋለሁ። ደህና መሆኔን በምን አውቄ!

ውጤቱን ነርሷ ከፖስታው ውስጥ አውጥታ አንብባ፣ ደግማ አነበበች።

«አልተቆጣም» አለችኝ። «ደምሽ ምንም አላደረገም።»

አለቀስኩ፣ ድምፅ አውጥቼ። እፎይታው ግን ብዙ አልቆየም፤ ምርመራው በየጊዜው ይደገማል፣ አሁን ያልተቆጣ ነገ ሊቆጣ ይችላል። ሃያ ስምንተኛው ሳምንት ላይ መርፌ እወጋለሁ፣ ስወልድም እንደገና። «ስትወልጂ» ስትለኝ «ከወለድኩ» ብዬ በልቤ አረምኳት። አሁንም ቁልፍ እየለመንኩ መጸዳጃ ቤት እሄዳለሁ። ሕፃኑ ሲራገጥ ደስ ይለኛል፣ ሲተኛ አላበላ አላጠጣ ይለኛል።

የመርፌው ቀን የዋለው ታኅሣሥ ውስጥ ነው። ብርድ ነበር፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ዓይነት። ከአማቴ ጋር በአቋራጩ ወረድን፤ የዚያች ሴት በር ተዘግቶ ነበር፣ እጄን ግን ከሆዴ ላይ አንስቼ አለፍኩ። ጤና ጣቢያው ወረፋ ሞልቷል። ያቺ የካርድ ክፍል ሴትዮ በመስኮቷ ብቅ ብላ ሆዴን አየችና ለአማቴ፣ «አይ በኩር! የመጀመሪያ ሆድ እኮ እንደዚህ ሹል ነው» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ።

ወረፋው ወደኛ ዞረ። አማቴ ካርዴን ከእጄ ወሰዱና በመስኮቱ አቀበሏት።

«ሁለተኛዋ ነው» አሉ፣ ከሴትዮዋ በላይ ጮክ ብለው። «የመጀመሪያው አልቆየልንም።»